ጥብቁ ሰማይ የሳሳበት ቦታ፦ በኤርፖርት ዙሪያ ያለው የአየር ክልል እንዴት ይደለደላል?

ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025)፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ከዊቺታ ካንሳስ የተነሣ የመንገደኞች ጄት ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በሚገኘው ሬገን ናሽናል ኤርፖርት ሊያርፍ ሲል ፖቶማክ ወንዝ ላይ ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። በጄቱ ውስጥ የነበሩት 64 ሰዎችና በሄሊኮፕተሩ ውስጥ የነበሩት 3 ወታደሮች በሙሉ ሞቱ። ሁለቱም ከተቆጣጣሪ ጋር በሬዲዮ እየተነጋገሩ ነበር። ሁለቱም በራዳር ይታዩ ነበር። ወደ ክልሉ የገቡትም በፈቃድ ነው። የተጋጩበት ሰማይ ደግሞ አሜሪካ በኤርፖርቶች ዙሪያ ከምትሰጣቸው የጥበቃ ደረጃዎች ሁሉ የላይኛው፣ «ክላስ ቢ» የሚባለው ነው።

ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለ አደጋው እንዴት ደረሰ? መልሱ ከአንድ ሰው ስሕተት ይልቅ በአየር ክልሉ አከፋፈል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ከአከፋፈሉ እንጀምር።

ቅርጹን የሚወስነው የመውረጃው መስመር ነው

ትልልቅ አውሮፕላኖች ለማረፍ ሲመጡ የሚከተሉት መስመር በአብዛኛው ከመሬት ጋር 3 ዲግሪ ይሠራል። ይህ ማለት አውሮፕላኑ በየአንዳንዱ ኖቲካል ማይል (1.852 ኪሎ ሜትር) 318 ጫማ ያህል ይወርዳል። ከመንደርደሪያው 10 ማይል ርቆ ሳለ ከመሬት በላይ 3,200 ጫማ ገደማ፣ በ5 ማይል ላይ 1,600 ጫማ፣ በ1 ማይል ላይ ከ300 ጫማ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚህ ሂሳብ የአየር ክልሉ ቅርጽ በራሱ ይወጣል። ኤርፖርቱ አጠገብ ጥበቃው ከመሬት መጀመር አለበት። ራቅ ሲባል ግን ጄቶቹ ከፍ ብለው ስለሚበሩ የታችኛውን ሰማይ ለትንንሽ አውሮፕላኖች መተው ይቻላል። ክላስ ቢ ከታች ጠቦ በየደረጃው ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ አሜሪካውያን አብራሪዎች የተገለበጠ የሰርግ ኬክ ይሉታል። የላይኛው ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል 10,000 ጫማ ላይ ነው።

«ከባሕር ጠለል» የሚለው ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዋሽንግተን ላይ መሬቱ ከባሕሩ እምብዛም ስለማይርቅ 10,000 ጫማ ማለት ከቤት ጣሪያ በላይ 10,000 ጫማ ማለት ነው ሊባል ይችላል። አዲስ አበባ ቦሌ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ገና መንደርደሪያው ላይ ቆሞ ሳለ የከፍታ መለኪያው ከ7,600 ጫማ በላይ ያነባል። የዋሽንግተኑ የ10,000 ጫማ ጣሪያ እንዳለ ቦሌ ላይ ቢደረግ ከመሬት የሚኖረው ቁመት 2,400 ጫማ እንኳ አይሞላም። በደጋ አገር የአየር ክልል የሚነድፍ ባለሙያ ከሌላ አገር የተቀዳ ቁጥር መጠቀም የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዓለም አቀፉ አጠራር ኤርፖርቱን ከመሬት ጀምሮ የሚከበው ክልል «ኮንትሮል ዞን» ይባላል። በላዩ ሰፋ ብሎ የተዘረጋው «ተርሚናል ኮንትሮል ኤሪያ» ሲሆን፣ እነዚህን ሁሉ የሚያቅፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አገር የሚያህለው የበረራ መረጃ ቀጠና ነው፤ የኢትዮጵያው በአዲስ አበባ ስም ይጠራል። ሥራውም በዚሁ መልክ ይከፈላል። ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ መንደርደሪያውንና በቅርብ ያለውን ሰማይ ይይዛል። የመቃረቢያ ተቆጣጣሪው ራዳር ላይ ሆኖ ከየአቅጣጫው የሚመጡትን ወደ አንድ መስመር ያሰልፋል። ከዚያ በላይ ያለው የረጅም መንገድ ተቆጣጣሪ ነው። በመቃረቢያ አካባቢ በራዳር የሚጠበቀው የተለመደው የጎን ርቀት 3 ኖቲካል ማይል፣ በረጅም መንገድ ላይ 5 ማይል ሲሆን፣ የከፍታው ልዩነት 1,000 ጫማ ነው። ከከባድ አውሮፕላን ክንፍ የሚወጣው አዙሪት የኋለኛውን ሊገለብጥ ስለሚችል፣ ከባዱን ተከትሎ የሚመጣ መካከለኛ አውሮፕላን 5 ማይል፣ ቀላል አውሮፕላን 6 ማይል እንዲርቅ ይደረጋል።

ፊደሎቹ የሚገቡት ቃል

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአየር ክልልን ከኤ እስከ ጂ በሰባት ፊደላት ይከፍላል። አሜሪካ ኤፍን ትታ ስድስቱን ትጠቀማለች። ፊደሉ የሚናገረው ሁለት ነገር ነው፤ ማን መግባት ይችላል፣ ተቆጣጣሪውስ ማንን ከማን ለማራራቅ ግዴታ አለበት።

ክላስ ኤ በአሜሪካ ከ18,000 ጫማ በላይ ሲሆን በእይታ ሳይሆን በመሣሪያ ንባብ የሚበሩ ብቻ ይገቡበታል። በሌላው ጫፍ ያለው ክላስ ጂ ቁጥጥር የለበትም። ለኤርፖርት ጉዳይ ዋናዎቹ መካከል ላይ ያሉት ቢ፣ ሲ እና ዲ ናቸው። ክላስ ዲ ማማ ላለው ትንሽ ኤርፖርት የሚሰጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ማይል ያህል ዙሪያውን ይይዝና ከኤርፖርቱ በላይ እስከ 2,500 ጫማ ይደርሳል። ክላስ ሲ መካከለኛ ኤርፖርቶችን የሚከብ ሲሆን፣ የውስጡ ክብ 5 ማይል፣ የውጩ 10 ማይል፣ ጣሪያው ከኤርፖርቱ በላይ 4,000 ጫማ ነው። በእነዚህ በሁለቱ፣ ተቆጣጣሪው የአውሮፕላኑን መለያ ጠርቶ ከመለሰለት፣ «ቆይ» ብቻ ቢለውም እንኳ አብራሪው መግባት ይችላል።

ክላስ ቢ ላይ ይህ አይሠራም። አብራሪው ከመድረሱ በፊት የመቃረቢያ ተቆጣጣሪውን ጠርቶ ማንነቱን፣ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታውንና የሚፈልገውን ይናገራል፤ የተሰጠውን ባለ አራት አሐዝ ቁጥር ትራንስፖንደሩ (ለራዳር መልስ የሚሰጠው መሣሪያ) ላይ ይሞላል፤ ከዚያም መግባት እንደተፈቀደለት በግልጽ እስኪነገረው ድረስ ውጭ ይቆያል። ብዙ አብራሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። «በራዳር አይቼሃለሁ» ማለት ግባ ማለት አይደለም። ከዋናው ኤርፖርት 30 ማይል ዙሪያ ከፍታን የሚያሳውቅ ትራንስፖንደር ግዴታ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2020 መጀመሪያ ወዲህም አውሮፕላኑ ቦታውን በሳተላይት ለይቶ በራሱ የሚያሰራጭበት «ኤዲኤስ-ቢ» የሚባል መሣሪያ ተጨምሯል። ከ10,000 ጫማ በታች ፍጥነት ከ250 ኖት (በሰዓት 250 ኖቲካል ማይል) አይበልጥም። ከክላስ ቢ ወለል በታች ባለው ሰማይ ደግሞ 200 ኖት ነው።

እነዚህ ሕጎች በደም የተጻፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ግራንድ ካንየን ላይ ሁለት የመንገደኞች አውሮፕላኖች ተጋጭተው 128 ሰዎች ከሞቱ በኋላ በ1958 የፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር እንዲቋቋም የሚያዝዘው ሕግ ወጣ። በ1986 ሴሪቶስ፣ ካሊፎርኒያ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ ሎስ አንጀለስን ወደከበበው ክልል ገብታ ከኤሮሜክሲኮ ጄት ጋር ስትጋጭ፣ መሬት ላይ የነበሩትን 15 ጨምሮ 82 ሰዎች ሞቱ። ከፍታ የሚያሳውቀው ትራንስፖንደርና ቲካስ የሚባለው የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግዴታ የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። የሴሪቶስ ትምህርት ያልተፈቀደለትን ማስቀረት ነበር። የዋሽንግተኑ ግን የተፈቀደላቸው ናቸው፤ አዲሱና ከባዱ ጥያቄም ይህ ነው።

የዋሽንግተን ሰማይ

የዋሽንግተን ክላስ ቢ ለሦስት ኤርፖርቶች በአንድነት የተነደፈ ነው፤ ለሬገን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚያርፍበት ለደለስ፣ እንዲሁም ለባልቲሞር። በላዩ ላይ ሌላ ቀለበት ተደርቧል። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በሬገን ዙሪያ በ30 ማይል ውስጥ ልዩ የበረራ ሕግ ወጥቷል፤ አብራሪው በእይታ (ውጭውን በዓይኑ እያየ) ቢበርም የበረራ ዕቅድ ማስገባትና የራሱ ብቻ የሆነ የትራንስፖንደር ቁጥር መያዝ አለበት። ወደ ውስጥ 15 ማይል ገደማ ሲደርስ ለአነስተኛ የግል በረራ የተዘጋ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም በዋይት ሀውስ፣ በካፒቶልና በሀውልቶቹ አካባቢ ፒ-56 የሚባለው ፈጽሞ የተከለከለ ክልል አለ፤ ከመሬት እስከ 18,000 ጫማ ይደርሳል።

ጄቶቹ ወደ ሬገን ሲመጡ ወንዙን ተከትለው የሚጠማዘዙት በዚህ ክልከላ ምክንያትና በከተማው ላይ ጩኸት ለመቀነስ ነው። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን የሚኖር ወገናችን ይህን በየቀኑ የሚያየው ነው። ነገር ግን ወንዙ የሄሊኮፕተሮችም መንገድ ሆነ፤ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የሕክምናና የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሄሊኮፕተሮች በተመሳሳይ ምክንያት ወደዚያው ተገፉ። ሁሉንም ከከተማው አርቆ ውኃው ላይ መሰብሰብ ለፀጥታውም ለነዋሪውም መፍትሔ መስሎ ነበር። ለኤርፖርቱ ግን ጠባቧን ሰማይ ይበልጥ አጠበባት።

የሬገን ዋናው መንደርደሪያ፣ ቁጥር 1 የሚባለው፣ 7,169 ጫማ (2,185 ሜትር) ርዝመት ሲኖረው በአሜሪካ ካሉት ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ነው፤ በቀን ከ800 በላይ መነሣትና ማረፍ ይስተናገድበታል። ጫናውን ለማቅለል ተቆጣጣሪዎች አንዳንድ አነስተኛ ጄቶችን መጨረሻ ላይ ወደ አጭሩ ቁጥር 33 መንደርደሪያ እንዲዞሩ ይጠይቃሉ፤ ርዝመቱ 5,204 ጫማ ነው። ይህን የሚቀበል አብራሪ ወደ ምሥራቁ የወንዝ ዳር ወጣ ይልና ወደ ግራ ታጥፎ ወንዙን አቋርጦ ያርፋል። በዚያው የምሥራቅ ዳር ላይ ደግሞ «መስመር 4» የሚባለው የሄሊኮፕተር መተላለፊያ ነበር፤ ጣሪያው 200 ጫማ።

75 ጫማ

የአሜሪካው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ያወጣው ስሌት ይህ ነው፦ ሄሊኮፕተሩ በወንዙ ምሥራቅ ዳር በተፈቀደለት 200 ጫማ ላይ ቢሆን፣ ጄቱም በትክክለኛው የመውረጃ መስመር ወደ 33 ቢመጣ፣ በመካከላቸው የሚቀረው 75 ጫማ ብቻ ነው። 23 ሜትር መሆኑ ነው። ሄሊኮፕተሩ ከዳሩ ወደ መሐል ወንዝ ራቅ ካለ ክፍተቱ ከዚህም ያንሳል፤ ወደ መንደርደሪያው በተጠጋ ቁጥር ጄቱ ዝቅ ይላልና።

ይህን በአደጋው ጊዜ ከነበረው ሕግ ጋር እናስተያየው። በአሜሪካ ክላስ ቢ ውስጥ በእይታ የሚበር አንድ ሄሊኮፕተር ከጄት ጋር የሚራራቀው በ1.5 ማይል የጎን ርቀት፣ ወይም በ500 ጫማ የከፍታ ልዩነት፣ ወይም አብራሪው ሌላውን «አየሁት፤ እኔ እርቀዋለሁ» ብሎ ኃላፊነቱን ሲወስድ ነበር። በመስመር 4 ላይ 500 ጫማ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ የለም። የ1.5 ማይሉ ርቀትም ሄሊኮፕተሩን አንድ ቦታ አስቁሞ ጄቱን ማሳለፍን ይጠይቃል፤ ያም ሥራ በበዛበት ሰዓት መንገድ ያዘገያል። ስለዚህ በተግባር ሁሉም ነገር ሦስተኛው ምርጫ ላይ ወደቀ። የጥብቁ ክልል ጥበቃ በአንድ አብራሪ ዓይን ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ፊደሉ «ቢ» የሚለው ያው ሆኖ ሳለ፣ መስመሩ ከመንደርደሪያው ጋር በሚቋረጥባት ጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ጥበቃው ወደ «ተያዩና ተላለፉ» ወርዶ ነበር።

በዚያ ምሽት በዚህ ላይ ሌሎች ክፍተቶች ተደራረቡ። ሄሊኮፕተሩ በተጋጨበት ጊዜ የሬዲዮ ከፍታ መለኪያው 278 ጫማ መዝግቧል፤ ከጣሪያው 78 ጫማ ከፍ ብሎ ነበር። በኋላ በተመሳሳይ ሄሊኮፕተሮች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በአየር ግፊት የሚሠራው የከፍታ መለኪያ ከእውነተኛው ከፍታ ከ80 እስከ 130 ጫማ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ታየ። ይህ ለሙያው እንግዳ ነገር አይደለም። የአየር ግፊቱ አንድ ሄክቶፓስካል ተሳስቶ ቢሞላ ብቻ ንባቡ ወደ 30 ጫማ ይስታል፤ በክንፍ መሽከርከር የሚረበሸው አየርም የራሱን ስሕተት ይጨምራል። 1,000 ጫማ በሚራራቁ አውሮፕላኖች መካከል 100 ጫማ ስሕተት ይቻላል። ዕቅዱ ራሱ 75 ጫማ ብቻ የተወ ከሆነ ግን ስሕተቱ ከክፍተቱ ይበልጣል።

ሬዲዮውም እንዲሁ ነው። አንድ ተቆጣጣሪ የጄቶቹንም የሄሊኮፕተሮቹንም ሥራ ደርቦ ይዞ ነበር፤ ሁለቱ ግን በተለያየ ሞገድ ላይ ስለነበሩ አንዱ የሌላውን ንግግር አይሰማም። ጄቱ ወደ 33 እየዞረ መሆኑን የምትናገረው ቃል በሄሊኮፕተሩ የድምፅ መቅጃ ላይ አልተሰማችም። «ከጄቱ ኋላ እለፍ» የሚለው መመሪያም ሲተላለፍ በዚያው ቅጽበት ሄሊኮፕተሩ ማይክሮፎኑን በመጫኑ ከፊሉ ተቆረጠ። ሄሊኮፕተሩ ኤዲኤስ-ቢ አያሰራጭም ነበር። የጄቱ ቲካስ «ትራፊክ» ብሎ አስጠንቅቋል፤ «ውጣ» ወይም «ውረድ» የሚለው ትእዛዙ ግን ከ1,000 ጫማ ገደማ በታች እንዲዘጋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መሬት አጠገብ የሚሰጥ የመውረድ ትእዛዝ ራሱ ገዳይ ሊሆን ስለሚችል።

ዓይን የማይችለው

በእይታ መራራቅ በጠራ ቀን፣ በቀስታ በሚሄዱና በሩቅ በሚተያዩ አውሮፕላኖች መካከል ጥሩ ዘዴ ነው። ሌሊት ላይ ግን የሰው ዓይን ወሰን አለው። ሊጋጭህ የሚመጣ ነገር በመስታወትህ ላይ አይንቀሳቀስም፤ አቅጣጫው ሳይለወጥ እዚያው ቦታ ላይ ሆኖ ቀስ በቀስ ያድጋል። ዓይን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስተውለው እንቅስቃሴን ነው። ከኋላው የከተማ መብራት ሲኖር ጄቱ ከብዙዎቹ መብራቶች አንዱ ይሆናል። የሌሊት ማያ መነጽር ያደረገ አብራሪ የሚያየው በአንድ ጊዜ 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ወደ ኤርፖርቱ የሚመጡ ሌሎች አውሮፕላኖች በተሰለፉበት ሰዓት ደግሞ «አየሁት» ያለው አብራሪ የትኛውን እንዳየ ተቆጣጣሪው ማረጋገጫ የለውም።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። ቦርዱ እንዳወጣው ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ በሬገን ከተደረጉ 944,179 የንግድ በረራዎች ጋር በተያያዘ፣ ጄትና ሄሊኮፕተር ከ1 ማይል ባነሰ የጎን ርቀትና ከ400 ጫማ ባነሰ የከፍታ ልዩነት የተቀራረቡበት 15,214 ጊዜ ተመዝግቧል። ከእነዚህ 85ቱ ከ1,500 ጫማ ባነሰ ጎንና ከ200 ጫማ ባነሰ ከፍታ ነበሩ። ከ2011 እስከ 2024 ባሉት ዓመታትም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ጄቶች ከሄሊኮፕተር እንዲሸሹ ቲካስ አዝዟቸዋል። መረጃው ይሰበሰብ ነበር፤ አንድ ላይ አድርጎ አይቶ መስመሩን የሚያነሣ ግን አልተገኘም። የሁሉንም ነገር ክብደት የምንሰጠው ለዚህ ነጥብ ነው፤ የአየር ክልል አንዴ ተነድፎ የሚቀመጥ ካርታ ሳይሆን በየጊዜው ከእውነተኛው በረራ ጋር መመሳከር ያለበት ሥራ ነው። በጃንዋሪ 2026 ቦርዱ በሰጠው ድምዳሜም ከዋና ምክንያቶቹ መካከል የሄሊኮፕተሩ መስመር ከማረፊያው መንገድ አጠገብ መደረጉን፣ በየጊዜው አለመገምገሙንና በእይታ መራራቅ ላይ ከልክ ያለፈ መመካትን አስቀምጧል።

አሁን የተለወጠው

ከመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መስመር 4 ከሄይንስ ፖይንት እስከ ዊልሰን ድልድይ ድረስ ተዘግቷል። የፕሬዚዳንት ጉዞን፣ ሕይወት አድን ሥራንና የመሳሰለውን የሚያከናውን ሄሊኮፕተር በዚያ ማለፍ ሲኖርበት ጄቶቹ ይቆማሉ፤ 33ን ጨምሮ ተሻጋሪዎቹ መንደርደሪያዎችም በዚያ ሰዓት አይሠሩም። በኤርፖርቱ 5 ማይል ውስጥ በእይታ መራራቅ ቀርቷል። ሦስተኛው ምርጫ ሲወጣ የሚቀሩት ሁለቱ በቁጥር የሚለኩት፣ የ1.5 ማይሉና የ500 ጫማው ናቸው። ዋጋው መዘግየት ነው፤ ሊከፈል የሚገባውም ዋጋ ነው። በዚሁ ኤርፖርት ላይ ግን በ2024 የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) በቀን አምስት ተጨማሪ የደርሶ መልስ በረራዎችን እንደፈቀደ መዘንጋት የለበትም፤ ርቀት እየጨመሩ በረራም መጨመር የሚጋጩ ፍላጎቶች ናቸው።

ይህ ክልል መሬት ላይ ያለውንም ሰው ይመለከታል። በዋሽንግተን አካባቢ ሰርግና መልስ የሚቀርጹ ብዙ ወገኖቻችን ድሮን ይጠቀማሉ። ከሬገን 15 ማይል ውስጥ፣ ማለትም አርሊንግተንን፣ አሌክሳንድሪያንና ሲልቨር ስፕሪንግን በሚጨምረው ክልል፣ ከአቪዬሽን አስተዳደሩ የተለየ ፈቃድ ሳይኖር ድሮን ማንሣት ክልክል ነው፤ በጓሮም፣ በመናፈሻም፣ ዛፍ በማይበልጥ ከፍታም ቢሆን። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ከ400 ጫማ ሳያልፉ፣ ድሮኑን ከዓይን ሳያርቁ፣ በጠራ አየር ማብረር ይቻላል፤ ቦታው ከመሬት በሚጀምር የክላስ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ ክልል ውስጥ ከሆነ ግን «ላንስ» (LAANC) በሚባለው ሥርዓት በስልክ መተግበሪያ ቀድሞ ፈቃድ መውሰድ ያስፈልጋል። መተግበሪያው ካርታውን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ በእያንዳንዱ የሚፈቀደውን ከፍታ ያሳያል። ዜሮ የተጻፈበት ማዕዘን ውስጥ በዚህ ሥርዓት ወዲያው የሚገኝ ፈቃድ የለም፤ ደንበኛው ቀን ቢቆርጥም፣ ሙሽሮቹ ደጅ ቢቆሙም ድሮኑ ከሣጥኑ አይወጣም።